ሜዳዩ አለ፤ መዝገቡስ የት ነው?

የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ለመዝመት ከአዲስ አበባ የተነሳው ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነበር። ሚያዝያ 2018 ላይ 75 ዓመት ሞላው ማለት ነው። ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ወታደር ዛሬ በሕይወት ካለ ዕድሜው 95 ነው። እንዲህ ያለ መታሰቢያ በመጣ ቁጥር የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ጥቂት አባቶች ኮታቸው ላይ ሜዳያቸውን ደርድረው ፎቶ ይነሳሉ፣ አንድ ባለሥልጣን የአበባ ጉንጉን ያስቀምጣል፣ እኛም በየስልካችን «የጀግና ልጆች ነን» ብለን እናጋራለን። በማግስቱ ሁሉም ወደየሥራው።

ፎቶውን አልጠላሁትም። እኔን የሚያሳስበኝ ከፎቶው ጀርባ ያለው ጥያቄ ነው፦ መንግሥት ባህር ማዶ ሄዶ ለተዋጋ ወታደር ሜዳይ ሲሰጥ በትክክል ምን ሰጠው? ነሐስና ጥብጣብ ብቻ ከሆነ መርካቶም ይገኛል። እንደኔ ሜዳይ ደረሰኝ ነው። «ይህ ሰው በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ በእኔ ስም ደሙን ለማፍሰስ ቆሟል፤ ባለዕዳው እኔ ነኝ» የሚል የመንግሥት ደረሰኝ። ደረሰኝ ደግሞ ዋጋ የሚኖረው ቀሪው መዝገብ ቤት ሲገኝ ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ነገሩን የማየው ከዚህ አንግል ነው። የሰው እጅ ላይ ያለው ወረቀትና ሲስተሙ ላይ ያለው መዝገብ ካልተገናኙ፣ ችግሩ ሁልጊዜ የሚያርፈው ወረቀቱን በያዘው ሰው ላይ ነው።

ቃኘው ምን አገኘ?

ለማያውቁት ባጭሩ ላስታውስ። ሻለቃው ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን የጦር ፈረስ ነው። ወታደሮቹ የተመረጡት ከክቡር ዘበኛ ነበር። በጂቡቲ በኩል በመርከብ ተጉዘው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መጨረሻ ፑሳን ገቡ፤ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋርም ተሰለፉ። ጦርነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 በተኩስ አቁም እስኪቆም ድረስ ሦስት ሻለቃዎች ተራ በተራ ተተካክተዋል። ከዚያም በኋላ ቁጥሩ እየቀነሰ የሄደ ኃይል እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ እዚያው ቆይቷል። በእስረኞች ልውውጡ ጊዜ ኢትዮጵያ የምትረከበው አንድም ምርኮኛ አልነበራትም። የሞቱትም አስከሬናቸው ሀገሩ ገብቷል፤ ዛሬ ፑሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ኢትዮጵያዊ የለም።

እነዚህ ሰዎች ሲመለሱ የራሳችን መንግሥት የኮሪያ ዘመቻ ሜዳይ ነበራቸው። የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይም ነበራቸው። የኋለኛው በጠቅላላ ጉባኤው የተወሰነው ታህሳስ 1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለማግኘት በዘመቻው ቢያንስ 30 ቀን ማገልገል ይጠይቅ ነበር። ደስ የሚለው ነገር ሜዳዩ የተቀረጸው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። በአማርኛም ተቀርጿል። አያትህ ወይም አያትሽ ሳጥን ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ጥብጣብ ያለው፣ በፊደላችን የተጻፈበት ሜዳይ ካለ ይኸው ነው። ዓለም ለአንድ አፍታም ቢሆን በራሳችን ፊደል «አመሰግናለሁ» ያለን ጊዜ ነበር።

121 ወይስ 122?

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። ስለ ቃኘው የተጻፉትን ጎን ለጎን ብታነቡ የሞቱት አንዱ ጋ 121፣ ሌላው ጋ 122 ናቸው። የዘማቾቹ ጠቅላላ ቁጥር አንዱ ጋ 3,518፣ ሌላው ጋ 6,037 ነው። የሁለተኛው ልዩነት ከሞላ ጎደል ይገባል፤ ትንሹ በጦርነቱ ጊዜ የነበሩትን፣ ትልቁ ከተኩስ አቁሙ በኋላ የሄዱትንም ይጨምራል። የመጀመሪያውስ? አንድ ሰው ነው። እናት የነበረችው፣ ስም የነበረው አንድ ሰው። በሥራዬ ሁለት ሠንጠረዦች በአንድ ረድፍ ቢለያዩ ያ ረድፍ ማን እንደሆነ ሳናገኝ ሲስተሙን አንለቅም። እዚህ ጋ ግን የሚለያየው ረድፍ ለሀገሩ የሞተ ሰው ነው፤ እኛም 75 ዓመት ሙሉ «ወደ 120 ገደማ» ብለን አልፈነዋል።

ይህ የቁጥር ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። አውሮፓ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ አያቱ የቃኘው ዘማች ነበሩ። ሜዳያቸው እናቱ ሳጥን ውስጥ በመሀረብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ደቡብ ኮሪያ ለዘማች ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ የታወቀ ነው። ታናሽ እህቱ ልታመለክት ስትነሳ አያቷ በእርግጥ መዝመታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ተጠየቀች። ሀገር ቤት ሦስት ቢሮ ተመላለሰች። የመጨረሻው መልስ «በዚህ ስም የተመዘገበ የለም» የሚል ሆነ፤ የማመልከቻው ቀንም አለፈ። ሜዳዩ እጇ ላይ ነው፤ ሰውየው ግን መዝገቡ ላይ የሉም።

እንደ ባለሙያ ስገምት ሰውየው ከመዝገቡ ጠፍተው ላይሆን ይችላል፤ ፍለጋው ይሆናል ያላገኛቸው። የኛ ስም ለመዝገብ ፈተና ነው። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን በ«ኀ» እና በ«ሠ» የጻፈ ጸሐፊና በ«ሀ» እና በ«ሰ» የሚፈልግ ሠራተኛ አይገናኙም። የውጭ ጦር ጸሐፊ ደግሞ ስሙን የሚጽፈው በጆሮው እንደሰማው ነው። ገብረ ሥላሴ የሚባል ሰው «ገብረ» የራሱ ስም፣ «ሥላሴ» የአባቱ ስም ተደርጎ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ሌላው የአባቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያስቀድመዋል። በዚህ ላይ ዘመን አቆጣጠራችን አለ። የአያታችሁ ወረቀት «1944» ካለ፣ ነገሩን የማያውቅ የውጭ መዝገብ ቤት ሠራተኛ «ያኔ እኮ የኮሪያ ጦርነት አልተጀመረም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። እነዚህ ሁሉ ሊፈቱ የሚችሉ ችግሮች ናቸው። ዳያስፖራው ውስጥ ካሉ ወጣት ባለሙያዎች አንድ አሥር ሰው ቢቀመጥበት የሚሠራ ሥራ ነው። የጎደለው ቴክኖሎጂ ሳይሆን ባለቤት ነው።

ሌላው እንዴት ይሠራዋል?

እዚህ አሜሪካ ከፌዴራሉ መንግሥት ሌላ የራሳቸውን የወታደር ሜዳይ የሚሰጡ ግዛቶች አሉ። ለምሳሌ ኒው ጀርሲ በጦርነት ጊዜ በውጊያ ቀጠና ላገለገሉ ነዋሪዎቿ የምትሰጠው ሜዳይ አላት። የሚገርመው ሥርዓቱ ነው። ግዛቷ ወታደሩ ሲዋጋ አላየችም። የምታየው ከሠራዊቱ ሲሰናበት የተሰጠውን፣ የት እንዳገለገለና ምን እንደተሸለመ የተዘረዘረበትን ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ካለ ፓርቲ ቢቀየር፣ ገዥው ቢቀየር፣ አመልካቹ ገዥውን ቢጠላው እንኳ ጉዳዩ አይደለም።

አሜሪካኖቹ መዝገባቸው ተቃጥሎባቸው አያውቅም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1973 ሴንት ሉዊስ በሚገኘው የወታደር መዝገብ ቤት የተነሳው እሳት ከ16 ሚሊዮን በላይ ፋይል በልቷል። የኮሪያ ዘማቾቻቸው ፋይልም በብዛት የነበረው እዚያ ነው። ምን አደረጉ? «ተቃጥሏል» ብለው ሰውን አልመለሱም። ከደመወዝ ሰነድ፣ ከየክፍሉ የዕለት ሪፖርት፣ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ፋይል እየለቀሙ የአንድን ሰው አገልግሎት መልሰው ይገነባሉ። ዛሬም ድረስ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ደቡብ ኮሪያ ለረዷት ሀገራት ወታደሮች የራሷን የጦርነት ሜዳይ መስጠት የጀመረችው ገና ጦርነቱ ሲካሄድ ነው። አሜሪካ ግን በራሷ የሕግ ምክንያት ወታደሮቿ እንዲቀበሉ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው! ያም ሆኖ ማን እንደሚገባው ማጣራት ተቻለ። መዝገብ ያለው ሰው ቢዘገይም አይቀርበትም።

ሦስት ጊዜ የፈረሰ ቃል

እኛ ጋ ችግሩ ከወረቀት ይሰፋል። በአማርኛ «መንግሥት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር አንድ ላይ ተሸክሟል፤ ሀገሪቱን ያቆመውን ተቋምና ለጊዜው ወንበሩ ላይ ያለውን ክፍል። ቃሉ ስለተደባለቀ አሠራሩም ተደባለቀ። ሜዳይ የሚሰጠው በሀገር ስም ነው። የሚነጠቀው ወይም የሚረሳው ግን ወንበሩ ላይ ያለው ሲቀየር ነው።

የመጀመሪያው ምት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከደርግ የመጣ አይደለም። ታህሳስ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈ። ክቡር ዘበኛ ደግሞ የቃኘው እናት ክፍል ነበር። ክፍሉ ተበተነ፣ ተጠረጠረ። ኮሪያ ላይ ላገለገለው ሁሉ ያንን ሜዳይ ያጠለቁለት ንጉሥ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው።

ሁለተኛው ከ1966 በኋላ ነው። አዲሱ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ። ሰሜን ኮሪያን ተዋግቶ የተሸለመ ሰው ሜዳዩን ደረቱ ላይ ማድረጉ ራሱ አደጋ ሆነ፤ ደብቀው እንደኖሩ ራሳቸው አባቶቻችን ሲናገሩ ሰምተናል። አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለውን የትግላችን ሐውልት ታውቁታላችሁ። የተሠራው በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ነው። እዚያው ላይ በሶማሊያው ጦርነት ከእኛ ጎን ተዋግተው የሞቱ ኩባውያን ይታወሳሉ፤ ሊታወሱም ይገባል። ግን አስቡት፤ ባህር ማዶ ተሻግሮ የመጣው ኩባዊ መሐል አዲስ አበባ ሐውልት ሲቆምለት፣ ባህር ማዶ ተሻግሮ የሄደው ኢትዮጵያዊ እዚያው ከተማ፣ ኮሪያ ሰፈር ጭቃ ቤት ውስጥ ሜዳዩን ፍራሽ ሥር ይደብቅ ነበር። አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ የቆመው ሚሌኒየማችን ሊገባ ሲል ነው። ቹንቾን የተባለችው የኮሪያ ከተማ ግን ለዘማቾቻችን ሐውልት ያቆመችው በ1960 ዓ.ም. ነበር። የረዳናቸው ከኛ ቀድመው አስታወሱልን።

ሦስተኛውን ስጽፍ የሚቆጣኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ግን ሳልጽፈው ባልፍ ጽሑፉ ግማሽ ይሆናል። በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር በተለያዩ ተልዕኮዎች ላይ የነበሩ የትግራይ ተወላጅ ወታደሮች ጉዳይ ተነሳ። ሶማሊያ ላይ ትጥቅ የፈቱ ነበሩ። አብዬ በተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ላይ ከነበሩት ውስጥ በ2014 ከ500 በላይ የሚሆኑት ወደ ሀገር አንመለስም ብለው ሱዳን ጥገኝነት ጠየቁ። ስለ ጦርነቱ ያለን አቋም ይለያያል፤ ይለያይ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች አብዬ ላይ የቆሙባቸው ቀናት ተቆጥረዋል ወይስ ተሰርዘዋል? የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይ ለ90 ቀን አገልግሎት ይሰጣል። ያ ቀን በሰማያዊው ባንዲራ ሥር፣ በኢትዮጵያ ስም የቆሙበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ፖለቲካ ወደኋላ ተመልሶ ሊፍቀው አይገባም። ዛሬ የአንዱ ሲፋቅ ዝም ካልን፣ ነገ የሌላው ሲፋቅ የምንናገርበት አፍ አይኖረንም። ቃኘው ያስተማረን ይህን ነበር።

የሀገር ውስጥ ጦርነት ሜዳይ ሁልጊዜም ከባድ ነው፤ ለአንዱ ቤት ክብር፣ ለሌላው ቤት ቁስል ነው። ባህር ማዶ የተሰጠ አገልግሎት ግን ሁላችንም በአንድ ላይ ልንኮራበት ከምንችላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ኮሪያ፣ ኮንጎ፣ ሩዋንዳ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር፣ አብዬ። እዚያ የቆመውን ወታደር ብሔሩን ጠይቆ የታደገ ወይም የተታደገ የለም። ይህንን እንኳ በጋራ መመዝገብ ካቃተን ምኑን በጋራ እንጽፋለን?

«አይቻልም» ለሚሉ

ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። አንደኛው «ደሃ ሀገር ነን፣ ማን ይቁጠር?» የሚለው ነው። ቆጠራው እኮ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ለሰላም አስከባሪ ለሚልክ መንግሥት በወታደር በነፍስ ወከፍ በወር ከ1,400 ዶላር በላይ ይመልሳል። ይህ ገንዘብ የሚከፈለው በትክክለኛ ቁጥር ነው፤ «ወደ 4,000 ገደማ» ተብሎ አይከፈልም። ለክፍያ የቆጠረ መንግሥት ለክብር መቁጠር አቃተኝ ሊል አይችልም።

ሁለተኛው የደህንነት ጉዳይ ነው። በሥራ ላይ ያለ ወታደር ስምና ክፍል አደባባይ ላይ ይለጠፍ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ግን የሞተው ለቤተሰቡ ሊደበቅ አይገባም። የተሰናበተው የራሱን መዝገብ የማየት መብት ይኑረው። ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ደግሞ ለሁሉም ይከፈት። ኮሪያና ኮንጎ ዛሬ የማንም ወታደራዊ ምስጢር አይደሉም።

ሕጉ ላይ ሊገባ የሚገባው ነገር አጭር ነው። ለባህር ማዶ አገልግሎት የተሰጠ ሜዳይ መንግሥት በተቀየረ ቁጥር የማይነካ ይሁን፤ የሚነጠቅ ካለም ሰውየው በዚያው ተልዕኮ ላይ በፈጸመው ጥፋት፣ በፍርድ ቤት ብቻ ይሁን። ሜዳዩ የሚያስገኘው ጥቅም፣ ሕክምናም ሆነ ጡረታ ወይም የልጅ ትምህርት፣ በግልጽ ይጻፍ። መዝገቡም ሰው ሄዶ ሊጠይቀው የሚችል አንድ ባለቤት ይኑረው።

እስከዚያው ከእኛ የሚጠበቅ ነገር አለ። ዋሽንግተን፣ ፍራንክፈርት፣ ዱባይ ተቀምጠን መንግሥትን መውቀስ ቀላል ነው። ሀገር ቤት ስትደውሉ ወይም ስትሄዱ ግን ይህንን አድርጉ። ሜዳዩን ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለውን ጽሑፍም ፎቶ አንሱ። ወረቀት ካለ እንዳለ፣ በአማርኛ አጻጻፉ ገልብጡት፤ አታስተካክሉት። ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጎኑ ላይ ጻፉ። የድሮ ፎቶ ካለ ጀርባውን ገልብጡት፤ ብዙ ጊዜ የሻለቃው፣ የሻምበሉ፣ የቦታው ስም በእርሳስ የተጻፈው እዚያ ነው። አያት በሕይወት ካሉ ስለ ጀግንነቱ ከመጠየቃችሁ በፊት የመኝታ ጎረቤታቸው ማን እንደነበር ጠይቁ። አንድ ሰው ሌላውን ስም ጠርቶ ይመሰክራል፤ ምስክር የሌለው መዝገብ የሚገነባው እንዲህ ነው።

ከ121 እና ከ122 መካከል የጠፋው ያ አንድ ሰው ስሙ አንድ ቦታ ተጽፏል። የአንዳችን ቤት ሳጥን ውስጥ ይሆናል።